ፀሐዩ ፀ

የግቢዬ በር ላይ ሁለት ቁልፍ አለ፣
የጠርሙስ ስባሪ ባጥሩ ጫፍ በቀለ፤
ውሻዬም ዳኛ ነው፣ ስሙም ግብሩም ዳኛ፣
የራሱን ጥላ አምኖ አንድ ሌት የማይተኛ።
እኔ ጡረተኛ፣ ያማርኛ መምህር፣
ጠመኔ ያኖረኝ፣ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር።

ከሚያዝያ ጀምሮ ኢንተርኔቱ አነከሰ፤
ልጄ ከድሬዳዋ ደውላ ፊቷን ስታሳየኝ
አፏ ቀድሞ ሄዶ ድምጿ ዘግይቶ ደረሰ።
ቴሌን ረገምሁት፤ ነፋሱን ረገምሁ፣
ያን ቆርቆሮ ገንጣይ ያዳማ ነፋስ፣
ሽቦውን ነቅንቆት ይሆናል እያልሁ።

የተከራዬ ልጅ፣ ኢፍቱ፣
ነጩን ሣጥን ገልብጣ ከሥሩ አነበበች፤
"ጋሼ፣ ይሄ'ኮ ፋብሪካው የሰጠው ቁልፍ ነው" አለች።
"ከአንድ እስከ ስምንት! መቁጠር የቻለ ሁሉ ይገባል።"
ስልኳን አሳየችኝ፤ የገቡት በተራ ተጽፈዋል።
አሥራ ዘጠኝ ነፍስ!
አንዱ የኔ፣ አንዱ የሷ፤ የቀሩት እነማን ናቸው?
"አትንኩኝ"፣ "ያባቱ ልጅ"፣ "ቻርጅ የለኝም" ይላል ስማቸው።

ያኔ ገባኝ የባጃጆቹ ነገር።
ኒሟን የወደዱ መስሎኝ ነበር፣ ሲደረደሩ ባጥር ሥር፤
ከቀትር በኋላ ጥላዋ ዞሮ ወደኔ ጓሮ ሄዶ
እነሱ ግን እዚያው ሐሩር ላይ፣ አገጫቸው ከደረት ወርዶ።
ዳኛ አልጮኸባቸውም። ምን ብሎ ይጩህ?
ግንብ የዘለለ ሰው የለ፤
ቤቴ ራሱ ነው ግንቡን ዘሎ መንገድ የዋለ።

"እሺ" አለች ኢፍቱ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
"መጀመሪያ የዘበኛው ቃል፤ ዘበኛው ከከዳ በር ምን ሊረባ?"
የሣጥኑን የውስጥ ቁልፍ ለወጠች።
የተከሉት ልጆች "መምህር ቤት" ብለውት ነበር፤ ስሙን ፋቀች፤
"መንገደኛ ሁሉ ደጅዎን በስም ለምን ይወቅ?"
መልእክቱን የሚያመሰጥረውን፣ አዲሱን መረጠች፤
በአንድ ጣት ተጭነው የሚገቡባትን አዝራር ዘጋች።
"አሁን ቃል ይስጡኝ፤ ረጅም፣ ማንም የማይገምተው።"

ቃል ይስጡኝ! ሠላሳ አራት ዓመት ሌላ ምን ሰጠሁ?
ልቤ ሞቀ፤ ካልጋዬ ተነሥቼ ቆምሁ።
"ጻፊ" አልኋት፣ "በፀሐዩ ፀ፤ ቀጥሎ ሐመሩ ሐ፤
ከዚያ በንጉሡ ሠ..."
ትውልድ የሳተውን፣ ቀይ እስክሪብቶዬን የጨረሰውን ፊደል
በመጨረሻ ምሽግ ላደርገው፣ አጥር ላጥርበት ስል፣
ኢፍቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ጋሼ... ሣጥኑ የኛን ፊደል አይቀበልም።"

አይቀበልም።

እሺ፤ ያችን ቃል የፈረንጅ ልብስ አለበስኋት፤
ለፀ ሁለት ፊደል ሰጠሁ፣ ነጠቅሁ፣ ሦስት ሰጠኋት፤
ሐ ላይ ቆሜ ቀረሁ።
ቃሏን አልነግርህም፣ አንባቢዬ፤
አንተም ኒሟ ሥር ትቆማለህ፣ ማን ያውቃል?

በማግስቱ ከደጄ ባጃጅ አልነበረም፤
የልጄ አፍና ድምፅ ተለያይተው አልመጡም።
ሐሙስ አዲስ ስልክ ላከችልኝ፤
ስልኩም እንደ ሰው "ቃል?" አለኝ።
ጻፍሁ። ተሳስተዋል።
ለፀ ሁለት ነበር ሦስት? ጻፍሁ። ተሳስተዋል።
ሐ አንድ ናት ወይስ ጥንድ?
ቀይ እስክሪብቶ ያረጀበት እጅ
ደጅ ሲጠና ዋለ በገዛ ራሱ ደጅ።

ኢፍቱ ሣጥኑን በመርፌ ከጀርባው ወጋችው፤
ሁሉም እንደገና ከሀ ተጀመረ።
ቃሉን ዘንድሮ ቀን መቁጠሪያው ላይ፣ በራሳችን ፊደል ጽፌዋለሁ፤
ያየ ሁሉ ያንብብ፤ እሱ ሰሙ ነው፤
ወርቁን፣ አጻጻፉን፣ ኢፍቱና እኔ እናውቃለን
(ይልቁንም ኢፍቱ)።

"ሌላም በር አለ" አለችኝ ስትወጣ፣ "ለእንግዳ፤
ሳሎን ያስገባል እንጂ ጓዳ አያሳይም።"
ክፈቺው አልሁ። ሐሩር ላይ ቆመው ሳይ ከርሜ
ባዶ መንገድ ማየት አልወደድሁም።
ቃሉን የሚሻ ግን ከበሩ ቆሞ ይመልስ፣
ፀሐይ በየትኛው ፀ ትጻፋለች?

እስካሁን ስድስት አልፈዋል።
ሮባ፣ ባለ ቢጫ መጋረጃው ባጃጅ፣
"በጸሎቱ" ብሎ ወድቋል፤
ነገ ይደግማል።